ቁጥር ያልተጻፈበት ግድግዳ

መጋቢት አሥራ ሰባት ነበር፤ ማክሰኞ። እንዲህ ብዬ ስጽፍ እጄ ይደፍራል፣ ልቤ ግን አይከተለውም። ታናሽ እህቴ ሚያዝያ ገብቶ ነበር ባይ ናት። "ሚያዝያ ባይሆን ዝናቡ ከየት ይመጣል?" እያለች ትሞግተኛለች። እኔ ደግሞ ዝናብ የሚባል ነገር ትዝ አይለኝም። ትዝ የሚለኝ አቧራ ነው። አክስቴ ሰፍታ የጨረሰቻቸው የተማሪ ሸሚዞች የጠመኔ ምልክታቸው እንዲለቅ ታጥበው ደጅ ገመድ ላይ ተሰጥተዋል፤ ነፋስ እጅጌያቸውን ያወዛውዛል፤ እስኪመሽ ድረስ ያነሣቸው ሰው አልነበረም። ዝናብ ቢመጣ ኖሮ አክስቴ ከሁሉ አስቀድማ የምትሮጠው ወደ ሸሚዞቹ ነበር።

ግን ሸሚዞቹም የሌላ ቀን ሸሚዞች ሊሆኑ ይችላሉ። ሃያ ሁለት ዓመት ያለፈው ትዝታ ልብስ ሰፊ ቤት ወለል ላይ እንደሚገኝ ቁርጥራጭ ጨርቅ ነው፤ የቱ ከየትኛው ልብስ እንደ ተረፈ አይለይም።

ቀኑን እንዲህ የምፈትሸው ለቀኑ ብዬ አይደለም። በዚያ ቀን ከሰዓት በኋላ ጋሽ ባለክሩ የአክስቴን ግድግዳ አጥበው፣ ኖራ ቀብተው፣ ሊጽፉበት የመጡትን ሳይጽፉ ሄዱ። ኋላ ምክንያቱን ሲጠየቁ "ዝናብ መጣብኝ" አሉ። ዝናብ ከነበረ ነገሩ የአጋጣሚ ነው። ዝናብ ካልነበረ ግን ሌላ ነው፤ ያ ሌላው ነገር አክስቴን ከነጉልበቷ አምስተኛ ፎቅ ላይ አስቀምጧታል።

ባለክሩ የምንላቸው የሰፈራችን ማስታወቂያ ጸሐፊ ነበሩ። እናት አባት ያወጡላቸውን ስም የሚያውቅ ሰው አላጋጠመኝም። ክሩ ግን ስም የሚያሰጥ ክር ነበር። አንዲት ቁራጭ እንጨት ላይ የተጠቀለለ፣ ሰማያዊ ዱቄት የጠጣ የጥጥ ክር። ከግድግዳው ግራና ቀኝ ሁለት ምስማር ይመቱና ክሩን ይወጥሩታል፤ መሃሉን በሁለት ጣት ሳብ አድርገው ሲለቁት ጧ ይላል። ግድግዳው ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነች ቀጥ ያለች መስመር ትቀራለች። እኛ ልጆች ያን ድምፅ ስንሰማ "ዛሬ ደግሞ ማን ሥራ ሊጀምር ነው?" እያልን ወደ ድምፁ እንሮጥ ነበር።

ሥራውን ማንም አላስተማራቸውም። በጉብዝናቸው ወራት ግንበኛ ሥር ጭቃ ያቀብሉ ነበር። አንድ ቀን አሠሪው ከሠራተኛው ሁሉ ማንበብና መጻፍ የሚችለውን ለይቶ ጠራና የሕንፃው አጥር ላይ "እዚህ መሽናት ክልክል ነው" ብለህ ጻፍ አላቸው። "የመጀመሪያ ድርሰቴ እሱ ነው" ይሉ ነበር። "እስከ ዛሬ አንባቢ አላገኘም።"

አንድ የማይሽሩት ሕግ ነበራቸው። ያደፈ ግድግዳ ላይ አይጽፉም። መጀመሪያ በሳሙና ያጥባሉ። ሲደርቅ ለጽሑፉ የሚበቃውን ያህል ቦታ አራት ማዕዘን አድርገው ነጭ ኖራ ይቀባሉ። ኖራው ሲደርቅ ክር ይመታሉ፤ በጠመኔ ይነድፋሉ፤ ከዚያ በኋላ ነው ቀለሙ የሚመጣው። የቸኮለ ደንበኛ "አንተ ሰውዬ፣ ሁለት ቃል ለመጻፍ ቤቴን ልታድስልኝ ነው እንዴ?" ሲላቸው፣ "ቆሻሻ ላይ የተጻፈ ቃል ማን ያምናል?" ብለው ማጠባቸውን ይቀጥላሉ። እውነታቸውን ነበር። በኛ ሰፈር እሳቸው የጻፉት ይታመናል። ዳቦ ቤቱ "ትኩስ ዳቦ" ብለው ከጻፉለት ወዲህ የትናንት ዳቦ መሸጥ አፍሮ ተወ ይባላል።

የፀጉር ቆራጩን ማስታወቂያ ሲሠሩ ከጽሑፉ አጠገብ የተበጠረ የሰው ጭንቅላት ሣሉ። እንዲያ ያለ ፀጉር በሰፈሩ አልነበረም።

"ይኼ የማን ጭንቅላት ነው?" አላቸው ፀጉር ቆራጩ።

"ወደፊት የሚመጣ ደንበኛህ ነው።"

"ይኼን ሁሉ ፀጉር ይዞ እኔ ጋ ምን ይሠራል?"

ከተማው እያደገ እንደ ነበር ከማንም ቀድመው የተረዱት እሳቸው ይመስሉኛል፤ የተረዱትም በፊደል ቁመት ነው። አንድ ቀን፣ ያኔ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ስለ ከተማ እድገት የሚያወራ ወረቀት እየጻፍኩ፣ መሰላላቸው ሥር ቆሜ ጠየቅኳቸው።

"ፊደል እንደ ልብስ ነው" አሉኝ። "የሚለካው በሚያነበው ሰው ልክ ነው። እኔ ሥራ ስጀምር አራት ጣት ይበቃ ነበር። እግረኛ ነዋ፤ ቆም ብሎ ያነባል፣ ሰላም ይልሻል፣ 'እዚህ ጋ ተሳስተሃል' ብሎ ያርምሻል። ቀጥሎ ብስክሌቱ በዛ፣ ስንዝር ሆነ። ታክሲ ሲመጣ ክንድ።"

"ከክንድ በኋላስ?"

"ከክንድ በኋላ ለኔ አይደለም። በማሽን ያትሙታል። እኔ ልጻፈው ብል መሰላሉ ላይ ሆኜ የመጀመሪያውን ፊደል ሳልጨርስ አንባቢው አገር ለቆ ይሄዳል።"

የሚጻፈውም ተለወጠ። "ወተት አለ" ይባል የነበረው ግድግዳ "ካሴት ይቀዳል" ሆነ፤ ከዚያ "ኮምፒውተር እናስተምራለን" መጣ፤ ከዚያ በየበሩ "የሚከራይ ክፍል"። በመጨረሻዎቹ ዓመታት እየደጋገሙ የሚጽፉት "የሚሸጥ ቦታ" ነበር። "ይህን ቃል ከገዛ ስሜ አብልጬ ጽፌዋለሁ" ብለውኛል። ወረቀቴ ላይ ብዙ መጻሕፍት ጠቅሼ ጥሩ ውጤት አገኘሁ። የእሳቸውን አንድም ቃል አላስገባሁበትም።

አውራ ጎዳናው የመጣው በችካል ነው። ሦስት እግር ላይ በቆመ መነጽር የሚያዩ ሰዎች መንገዳችንን ከላይ እስከ ታች ሄዱበት፤ ሲመለሱ በየደጃፉ ጫፉ ቀይ የተቀባ ችካል ቀርቶ ነበር። ቀጥሎ የሚፈርሱት ቤቶች ቁጥር እንዲጻፍባቸው ታዘዘ። ቁጥር የተጻፈበት ቤት ወረቀት ይደርሰዋል፤ ወረቀት የደረሰው በዕጣ ምትክ ቤት ያገኛል። መጀመሪያ የጻፉት የቀን ሠራተኞች ነበሩ፤ ሰባቱ አንድ፣ ስምንቱ ዜሮ መሰለና ሰው ከሰው ተጣላ። ስለዚህ ወጣቱ መሐንዲስ "ደህና እጅ ያለው ሰው ፈልጉ" አለ። የከተማው ደህና እጅ ደግሞ የታወቀ ነው።

ባለክሩ ቀይ ቀለም ይዘው ብቅ ሲሉ ፀጉር ቆራጩ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቃቸው።

"መፍረሻችንን አንተ ልትጽፍልን?"

"እኔ ባልጽፈው ይቀራል?"

"አይቀርም።"

"እንግዲያው በደህና እጅ ይጻፍ።"

ፀጉር ቆራጩ ትንሽ አሰበበት። "የኔ እንግዲህ ጥላ ይኑረው" አለ።

አደረጉለት። ሠላሳ ስምንት፣ ከግራጫ ጥላ ጋር፤ ከግድግዳው ወጥቶ የቆመ ይመስል ነበር። ጫማ ሰፊው "ለሱ ጥላ፣ ለኔ ደረቁን?" ብሎ አኮረፈ። ቤቱ እንዲፈርስ የተወሰነበት ሰው በቁጥር ውበት ሲቀናና ሲኮራ ያየሁት ያን ሳምንት ብቻ ነው።

አክስቴ የእናቴ ታላቅ እህት ናት፤ ልብስ ሰፊ። ለትምህርት ቤትም ለዩኒቨርሲቲውም ቅርብ ስለ ነበረች እኔና እህቴ ከልጅነታችን ጀምሮ የምንኖረው ከእሷ ጋር ነበር። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የእግር ስፌት መኪና ስትረግጥ ቀኝ ጉልበቷ ተበልቶ፣ ደጃፋችን ላይ ያለችውን አንዲት ደረጃ እንኳ በሩን ይዛ ነበር የምትወርደው። ሰፈርተኛው ስለ እሷና ስለ ባለክሩ ሲያማ ሰምቻለሁ። እኔ ያየሁት ይህን ብቻ ነው፤ በየዓመቱ ማንም ሳይጠራቸው መጥተው "ልብስ ሰፊ" የሚለውን ማስታወቂያዋን ያድሳሉ። እሷም ቀለም የፈሰሰበትን ካፖርታቸውን ተቀብላ ክርኑን ትጥፍላቸዋለች። "አንተን ከመጣፍ አዲስ ሰው መስፋት ይቀላል" ትላቸዋለች። ይስቃሉ። ሌላ አላየሁም።

የእሷ ቤት አርባ አንድ ነበር፤ የሰፈሩን ሁሉ ጽፈው ለመጨረሻ ያስቀሩት የእሷን ነው። በዚያ ቀን፣ መጋቢትም ይሁን ሚያዝያ፣ ከምሳ በኋላ መጡ። አክስቴ ባልዲውን ራሷ ሞላችላቸው። "ያው የምትጽፈውን አጣመህ እንዳትጽፈው" ብላ ወደ መኪናዋ ተመለሰች። እኔ ደፍ ላይ ተቀምጬ እያነበብኩ ነበር። አጠቡ። ኖራውን ቀቡ። መሰላላቸው ታችኛው እርከን ላይ ተቀምጠው እስኪደርቅ ጠበቁ። ከውስጥ የመኪናው ድምፅ ይሰማል፤ ትክክክ ይልና ያቆማል፣ ትክክክ ይልና ያቆማል። ረጅም ጊዜ ተቀመጡ። አንዴ ቀና ብለው ሰማዩን ያዩ ይመስለኛል። ከዚያ ያልተፈታውን ክር ከረጢታቸው ውስጥ ከተው፣ መሰላሉን ትከሻቸው ላይ አድርገው ቁልቁል ወረዱ። ሻይ ሊጠጡ የሄዱ መሰለኝ።

በማግስቱ ጠዋት ሰፈሩ ሲነሣ ዳቦ ቤቱ ላይ አርባ፣ ጫማ ሰፊው ላይ አርባ ሁለት በቀይ ተጽፏል። በመካከላቸው የአክስቴ ግድግዳ እንደ አዲስ አንሶላ ነጭ ሆኖ ቆሟል።

"እትዬ፣ ዘለሉሽ" አላት ፀጉር ቆራጩ።

"ምን ዘለሉኝ?"

"ባለክሩ ረስቶ ያውቃል? አያውቅም። አጥቦ ነጭ ቀብቶ ሄደ ማለት ነጻ ነሽ ማለት ነው።"

ምክንያት ለማግኘት አንድ ቀን አልፈጀም። መንገዱ በአምድ ላይ የሚሄድ ነው፤ አምድ የሚቆምበት ቤት ይፈርሳል፤ የእትዬ ቤት ግን በሁለት አምድ መካከል ነው የሚውለው፤ ስለዚህ ከድልድዩ ሥር ይቀራል። ይህን ያወጣው ፀጉር ቆራጩ ነው፤ እስከ ማታ ግን መሐንዲሱ ራሱ የተናገረው ሆኖ ነበር። ማንም መሥሪያ ቤቱ ሄዶ አልጠየቀም። ሰፈራችን መሥሪያ ቤት ሄዶ ከመሰለፍ ግድግዳ ማንበብ ይቀለው ነበር፤ የባለክሩ ግድግዳ ደግሞ ዋሽቶ አያውቅም። እኔም አልጠየቅኩም። ያን ሁሉ መጽሐፍ አንብቤ፣ ያመንኩት ግድግዳውን ነው።

አክስቴ የሚያፈሰውን የጣሪያ ቆርቆሮ አስቀየረች። ፀጉር ቆራጩ "ከላይሽ አውራ ጎዳና እያለ ቆርቆሮ ምን ያደርግልሻል?" እያለ አሾፈባት። የመጪውን ዓመት የተማሪ ልብስም ለመስፋት ተቀበለች። ወረቀት አዳዩ ሲመጣ አርባን ሰጠ፣ ነጩን ግድግዳ አይቶ አለፈ፣ አርባ ሁለትን ሰጠ። ዕጣ የወጣ ዕለት ሰፈርተኛው አንድም ሳይቀር ሲሄድ እሷ ቁጭ ብላ አንገትጌ ትሰፋ ነበር። ለሽማግሌና ለእግር በሽተኛ ቅድሚያ ተሰጥቶ ምድር ቤቱ ሁሉ ያን ዕለት አለቀ። ፀጉር ቆራጩ እንኳ እያነከሰ ሄዶ ምድር ቤት አገኘ፤ እስኪመለስ ድኖ ነበር።

በሦስተኛው ወር ዶዘሩ መጣ። አክስቴ በሩ ላይ ወጥታ "የኔ አይፈርስም" አለች። መሐንዲሱ መዝገቡን ገለጥ አደረገ። አርባ አንድ እዚያው ነበር፤ ከአርባና ከአርባ ሁለት መካከል፣ አንድ ቀንም ሳይጠፋ። ቤት አልከለከሏትም። የተረፈውን ሰጧት፤ አምስተኛ ፎቅ፣ አሳንሰር የሌለው። መኪናዋን አራት ሰው ተሸክሞ አወጣው። እሷን ሁለት ሰው ደግፎ አወጣት።

ባለክሩ ከዚያ ወዲህ በኛ በኩል አላለፉም። እናቴ አንዴ ገበያ ላይ አግኝታቸው ነበር። "ዝናብ መጣብኝ" አሏት። "በማግስቱ ደግሞ በመኪና ጭነው ወደ ከተማው ወዲያኛው ጫፍ ወሰዱኝ። ሌላ ሰው የጻፈው መስሎኝ ነበር።" እናቴ ይህን ለአክስቴ ስትነግራት እዚያው ነበርኩ። አክስቴ "ዝናብ" አለችና ክሩን በመርፌው ቀዳዳ አስገባች።

እንግዲህ ዓመታቱ አለፉ። መንገዱ ተሠራ። ከአክስቴ ሰገነት ላይ ሆኖ ሲያዩት ያምራል፤ ከሩቅ ሲመጣ ግራጫ ነው፣ መኪና ሲበዛበት ያብረቀርቃል። ከጎኗ አንድ ሕንፃ ተጨመረ፣ ከዚያ ሦስት፣ ከዚያ አሥራ አንድ፤ ሁሉም እንደ መንታ የሚመሳሰሉ። ደንበኞቿ ያልሆነ ሕንፃ አምስተኛ ፎቅ ወጥተው፣ የማያውቁትን ሰው በር አንኳኩተው፣ ጨርቃቸውን እንደያዙ ተመልሰው መሄድ ጀመሩ። እህቴ የፕላስቲክ ማስታወቂያ አሳትማ ሰገነቱ ላይ ልትሰቅልላት አሰበች።

"ፕላስቲክ በነፋስ ይንጫጫል" አለች አክስቴ። "ባለክሩ ይጻፈው።"

እኔና እህቴ ተያየን። ስሙን ከአፏ ከሰማን ሃያ ዓመት አልፎት ነበር።

"በሕይወት መኖራቸውን በምን እናውቃለን?" አልኳት።

"ሂጂና ጠይቂያ። እናንተ እንደሆነ መጠየቅ አታውቁም።"

ያገኘኋቸው ከአውራ ጎዳናው ድልድይ ሥር ነው። የጭነት መኪና ማቆሚያ ሆኗል። ከማሽን የተረፈላቸው ሥራ የመኪና በር ላይ የጭነት ልክ መጻፍ ነበር። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ ካፖርታቸው ያው ነው፣ ክርኑ ላይ የተጣፈው እራፊ የአክስቴ መሆኑን ከስፌቱ አወቅኩት። ማን መሆኔን ነገርኳቸው። ብሩሻቸውን ይዘው ወደ መኪና ማቆሚያው መሃል አሥር እርምጃ ያህል ሄዱና ቆሙ።

"ቤታችሁ እዚህ ነበር" አሉኝ። "ደፉ እዚህ ጋ። አንቺ እዚህ ተቀምጠሽ ታነቢ ነበር።"

ግራና ቀኜን አየሁ። ቆመንበት የነበረው ቦታ በትክክል ከሁለት አምድ መካከል ነው። ባዶ ነበር። አንድ ጎማው የተነፈሰ ፈሳሽ ጫኝ መኪና ብቻ ቆሞበታል።

"ጋሼ፣ አክስቴ ማስታወቂያ ታጽፋለች።"

ብሩሹን ቀለም በሚያለቅቀው አኳራጅ ማጠብ ጀመሩ። ከታጠበ በኋላም አጠቡት።

"አምስተኛ ፎቅ ይከብደኛል" አሉ። "ቢሆንም እመጣለሁ።"

ፎቁን አልነገርኳቸውም ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት መጡ። በየመታጠፊያው እያረፉ ወጡ፤ ሲያርፉ ልጆች በከሰል ግድግዳው ላይ የሞነጫጨሩትን ያነባሉ። በሩ ላይ ስንደርስ አክስቴ ከመኪናዋ አልተነሣችም።

"መጣህ።"

"መጣሁ።"

"ደረጃው እንዴት ነው?"

"ረጅም ነው።"

"ሰባ ስምንት ነው። ቆጥሬዋለሁ።"

ወደ ሰገነቱ አለፉ። ባልዲውን ዛሬ የሞላሁት እኔ ነኝ። ከውጭ ወደ መንገድ የሚታየውን ግድግዳ ወንበር ላይ ቆመው፣ በሰገነቱ መስኮት ተንጠልጥለው አጠቡት። እኔ ካፖርታቸውን ከኋላ ይዤ ነበር። የመንገዱ ድምፅ እንደ ወንዝ ሳያቋርጥ ይመጣል።

"ልኩ ምን ያህል ይሁን?" አሉ ወደ ውስጥ። "ለሚበረው ነው ለሚራመደው?"

"ለሚያውቀኝ።"

"እንግዲያው ስንዝር ይበቃል።"

ኖራውን ቀቡ። ወንበሩ ላይ ተቀመጡና እስኪደርቅ ጠበቁ። መንገዱን እያዩ ነበር።

"ትጠሉታላችሁ አይደል?" አሉኝ።

"እርስዎስ?"

"እኔ መንገድ አልጠላም። ልጄ በሃያ ደቂቃ ሐኪም ቤት ደርሳ በሰላም ተገላግላበታለች። ድሮ ቢሆን ዳገቱ ላይ ነበር የምትወልደው። መንገዱ መልካም ነው። ብቻ ሰው ላይ ሲያልፍ ጽሑፍ ይፈልጋል፤ ጽሑፉን ደግሞ አንድ ሰው መጻፍ አለበት።"

አክስቴ ከውስጥ ትሰማለች። መኪናዋ ትክክክ ይልና ያቆማል። ነጩ አራት ማዕዘን፣ ተቀምጠው የሚጠብቁት ሰው፣ የመኪናው ድምፅ፤ ሁሉም ያው ነበር፣ ጎድሎ የነበረው ደፉ ብቻ ነው።

"ሰማዩ እንዴት ነው?" አለች አክስቴ።

ቀና ብለው አዩ። ጊዜ ወስደው አዩት።

"ንጹሕ ነው" አሉ።

"ንጹሕ ከሆነማ ጻፍ።"

ተነሡ። ምስማር መቱ፣ ክሩን ወጠሩ። ጧ አለ። መስመሩ ቀጥ ብሎ ወጣ። "ልብስ ሰፊ" ብለው በጥቁር ጻፉ። አንድ ሰዓት ፈጀ። ሲጨርሱ አክስቴ ወንበሯን እየገፋች፣ ግድግዳ እየያዘች ወደ ሰገነቱ መጣች። በመስኮቱ አንገቷን አውጥታ አየችው።

"ቁጥሬንም ጻፍልኝ።"

"የዚህን በር ነው?"

"እሱን በማሽን ጽፈውታል። የኔን ነው የምልህ።"

መንገዱ ላይ አንድ መኪና ጥሩንባውን ነፋ፤ ሌላው መለሰለት። ጋሽ ባለክሩ ጎንበስ ብለው ከከረጢታቸው ሥር አንዲት ትንሽ ቆርቆሮ አወጡ። ቀይ ነበር። ቀይ ቀለም ያዘዛቸው አልነበረም።

"ጥላ ላድርግበት?" አሉ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ።

"ለፀጉር ቆራጩ አድርገህለት የለ? እኔ ምን አነስኩ።"

ክር አልመቱም። በእጃቸው ብቻ አርባ አንድ ብለው ጻፉ፤ ትንሽዬ፣ ከማስታወቂያው ቀኝ ሥር። ጥላውን ግራጫ አደረጉለት። አክስቴ እስኪጨርሱ ቆማ አየች። ከዚያ "ካፖርትህ ሌላኛው ክርን ተቀዷል" አለችና ወደ ውስጥ ተመለሰች።

አሁን ልጠይቃቸው ወሰንኩ። ጥያቄው አንድ ነው፤ "ጋሼ፣ ያን ቀን ዝናብ ነበር?" ወረቀት ሳልይዝ፣ እንደ ጎረቤት ልጅ፣ እጃቸውን እያስታጠብኩ ልጠይቃቸው። ውኃ ለማሞቅ ወጥ ቤት ገባሁ። ሳሙናና ፎጣ ይዤ ስመለስ አክስቴ መርፌና ክር ዘረጋችልኝ።

"ዓይኔ አልይዝ አለኝ፤ አስገቢልኝ። ካፖርቱን አውልቀህ ስጠኝ ልለው ነው።"

ክሩን ለማስገባት ሁለት ጊዜ ሳትኩ። በሦስተኛው ገባ። ወደ ሰገነቱ ስወጣ ወንበሩ ወደ ቦታው ተመልሷል፤ ወለሉ ላይ የተንጠባጠበው ኖራ በጨርቅ ተጠርጓል፤ ሰው አልነበረም።

በመስኮቱ አጎነበስኩ። ሰባ ስምንቱን ደረጃ እንዴት እንደ ወረዱት አላውቅም፤ ታች ከእግረኛው መንገድ ዳር ቆመው ነበር። ቀና ብለው ግድግዳውን ያዩ ነበር። ከዚያ ሆነው ስንዝሩ ይነበብ እንደሆነ እየለኩ ነው መሰለኝ፤ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ። አፌን ከፈትኩ። መንገዱ ላይ የጭነት መኪኖች ተከታትለው እያለፉ ነበር፤ እስኪያልፉ ልጠብቅ ብዬ ቆምኩ። የመጨረሻው ሲያልፍ ጋሽ ባለክሩ ከረጢታቸውን አቅፈው አጠገባቸው የቆመ ታክሲ ውስጥ ገብተው ነበር፤ በሩም ተዘግቷል።